ቢግ ቢል ኤድዋርድስ፦ የፕሪንስተን ጋርድ፣ የኒው ዮርክ የመንገድ ጽዳት ኮሚሽነር

ሰነድ ፈታሽ፦

ዊልያም ሃንፎርድ ኤድዋርድስ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ወደ አንድ ቀን ይሮጣል። ኦገስት 9 ቀን 1910፣ ሆቦከን ወደብ፣ የኒው ዮርኩ ከንቲባ ጌይነር የተተኮሰበት ዕለት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በየመልሱ መድገም አያስፈልግም።) ተኳሹ ላይ ተወርውሮ የጣለው ኤድዋርድስ ነው። ከ1896 እስከ 1899 ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል የተጫወተ ጋርድ (በፊት መስመሩ ላይ ከሴንተሩ፣ ማለትም ከመሐለኛው ሰው፣ ጎን የሚቆም ተጫዋች)፣ በ1899 የቡድኑ አምበል፤ በተኩሱ ቀን ደግሞ የከተማዋ የመንገድ ጽዳት ኮሚሽነር ነበር።

ይህን ውይይት የከፈትኩት ስለ ጥይቱ ለመድገም አይደለም። ሁለቱ ሥራዎቹ ውስጥ ገባ ብለን እንድናይ ነው። በዚያ ዘመን ሕግ ጋርድ ሜዳ ላይ ምን ነበር የሚሠራው? መምሪያውስ በየቀኑ ምን ያነሳ ነበር፣ በምን ዕቃ፣ ወዴትስ ይወስደው ነበር? «ስፖርተኛ ስለነበረ ጠንካራ ኃላፊ ሆነ» የሚል መልስ ይቅርብን፤ ምንም አይነግረንም።

የመስመር ዳኛ፦

ከሜዳው ልጀምር። በኤድዋርድስ ዘመን የሜዳው ርዝመት ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 110 ያርድ ነው፤ በሜትር 100 ከትንሽ። ወርዱ 160 ጫማ፣ ወደ 49 ሜትር። የጎሉ ምሰሶ የሚቆመው ልክ ጎል መስመሩ ላይ ነው። ጨዋታው በሁለት አጋማሽ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ ጋርዱ ሲያጠቃም ሲከላከልም ያው አንድ ሰው ነው፤ 70 ደቂቃ ሙሉ።

ሁሉንም ነገር የሚወስነው ሕግ ይሄ ነው፦ ኳሱን የያዘው ቡድን በሦስት ሙከራ 5 ያርድ መግፋት አለበት፤ አራት ሜትር ተኩል ገደማ። ኳስ ወደፊት መወርወር አይፈቀድም፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። አሁን አስቡት፤ በአንድ ሙከራ አንድ ሜትር ተኩል ማግኘት ከበቃ፣ አሰልጣኙ ኳሱን ወደ ዳር ልኮ ለምን ይጋለጣል? ሰው ሰብስቦ በጋርዱና ከእሱ ውጪ በሚቆመው ታክል መሐል ይገፋል። በየጨዋታው ውስጥ ዋናው ጫና የሚያርፈው ሴንተሩና ሁለቱ ጋርዶች ላይ የነበረው ለዚህ ነው።

ዛሬ የማናያቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። በሁለቱ ቡድኖች መስመሮች መካከል ነፃ ቦታ የሚባል አልነበረም፤ እሱም የመጣው በ1906 ነው። ተጋጣሚዎቹ አፍንጫ ለአፍንጫ ይቆማሉ። የሚያጠቃው ጋርድ በእጁ መያዝ አይችልም፤ በትከሻና በገላው ብቻ ይገፋል። የሚከላከለው ግን በእጁ ጎትቶ መንገድ መክፈት ይፈቀድለታል። ኳስ ተሸካሚውን የራሱ ጓደኞች ከኋላ መግፋት፣ ከፊት መጎተትም ይችላሉ፤ ለመጎተቻ ብለው ሱሪ ላይ እጀታ ያሰፉ ነበሩ። ትልቁ አደጋ ደግሞ ይሄ ነው፦ ተሸካሚው ወድቆ እንኳ «ዳውን» (ወደቅሁ) ብሎ እስኪጮህ ወይም ተይዞ እስኪቆም ድረስ ኳሱ ሕያው ነው። መሬት ላይ ሆኖ ይድሃል፤ እንዳይድህ ሌላው ላዩ ላይ ይወድቅበታል፤ ሌላው ደግሞ በዚያ ላይ። ክምሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የጎድን አጥንትና የማጅራት ጉዳት በብዛት የሚመጣውም ከክምሩ ሥር ነው።

አለባበስ፦ ፊት ለፊት በክር ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር የሸራ ጃኬት፣ ጭኑና ጉልበቱ ላይ የተደለደለ ወፍራም ሱሪ፣ አፍንጫን የሚሸፍን ጥርስ ላይ የሚነከስ የጎማ መከለያ። ጃኬቱ ጥብቅ የሚሆነው ባላጋራ የሚጨብጠው ትርፍ ጨርቅ እንዳያገኝ ነው። ቅባት ወይም የሚጣበቅ ነገር መቀባት በሕግ ክልክል ነበር፤ መከልከሉ ራሱ ይደረግ እንደነበር ይነግራችኋል። ሄልሜት (የራስ መከላከያ ቆብ) ግዴታ አልነበረም፤ በኮሌጅ ግዴታ የሆነው በ1939 ነው። በ1890ዎቹ ፎቶዎች ላይ ተጫዋቾቹ ፀጉራቸውን ያሳደጉት ፋሽን ተከትለው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉሩ ትራስ ነበር።

የፔንሲልቬኒያው አሰልጣኝ ጆርጅ ውድረፍ ደግሞ ጋርዶቹን ከመስመሩ ወደ ኋላ ስቦ፣ ኳሱ ሲነሳ ከተሸካሚው ፊት እንዲሮጡ አደረገ። ሁለት ከባድ ሰዎች መንደርደሪያ አግኝተው አንድ ቆሞ የሚጠብቅ ተከላካይ ላይ ሲደርሱ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ይህን ለመግታት መስመሩ ላይ ቢያንስ ስድስት ሰው ይቁም የሚለው ሕግ የመጣው በ1906 ነው።

ጀማሪ አንባቢ፦

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በ1899 ኤድዋርድስ አምበል ሆኖ ፕሪንስተን ዬልን 11 ለ 10 አሸነፈ ይባላል። በዛሬው አቆጣጠር 11 የሚወጣበት መንገድ ጠባብ ነው። ያኔ ነጥቡ እንዴት ይታሰብ ነበር?

የመስመር ዳኛ፦

ከ1898 ጀምሮ ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የባላጋራን ጎል መስመር ማለፍ) 5፣ ከታችዳውን በኋላ የሚመታው ጎል 1፣ ፊልድ ጎል (በጨዋታ መሐል ኳሱን በጎል ምሰሶዎቹ መካከል መምታት) 5፣ ሴፍቲ (ኳስ የያዘው በራሱ ጎል መስመር ኋላ ሲያዝ) 2። ኖቬምበር 25 ቀን 1899 ኒው ሄቨን ላይ ፕሪንስተን ታችዳውን አግብቶ ተከታዩንም መታ፤ 6። ዬል ታችዳውን አግብቶ ተከታዩን ሳተ፤ 5። ከዚያ ዬል ፊልድ ጎል ጨምሮ 10 ደረሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የፕሪንስተኑ አርተር ፖ በድሮፕ ኪክ (ኳሱን ጥሎ ከመሬት ሲነጥር በመምታት) ፊልድ ጎል መታ፤ 6 ሲደመር 5፣ 11።

ጨዋታውን የወሰነው ያቺ የሳተች አንድ ነጥብ ናት። ያኔ ምቱ የሚመታው ታችዳውኑ ከተቆጠረበት ነጥብ ትይዩ ወደ ሜዳ ወጥቶ ነው። ማዕዘን ላይ ካገባህ ምሰሶው በጎን ይሆንብሃል፤ መሐል ላይ ካገባህ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ጥሩ ተሸካሚ ጎል መስመሩን ካለፈ በኋላም ወደ መሐል ለመጠጋት ይሮጣል። በተጨማሪ ኳሱ መሬት እንደነካ ተከላካዮቹ ከጎል መስመር ተነስተው መሮጥ ይችላሉ፤ ኳሱን ለመቺው የያዘው ሰው እጁ ትንሽ ከዘገየ ምቱ ይከሸፋል።

ለመዝናናት ያህል፦ ከ1898 በፊት በነበረው አቆጣጠር (ታችዳውን 4፣ ተከታዩ 2፣ ፊልድ ጎል 5) ውጤቱ 11 ለ 9 ይሆን ነበር። በዛሬው 10 ለ 9። በየትኛውም ፕሪንስተን ያሸንፋል።

የቡድኑን ዓመታት ለሚፈልግ፦ 1896 አሥር ድልና አንድ አቻ፤ 1897 አሥር ድል፣ በዬል አንድ ሽንፈት፤ 1898 አሥራ አንድ ድልና ከአርሚ (የጦር አካዳሚው ቡድን) ጋር 5 ለ 5 አቻ፤ 1899 አሥራ ሁለት ድል፣ በኮርኔል አንድ ሽንፈት።

አካፋና ጋሪ፦

ወደ መምሪያው እንሂድ። የመንገድ ጽዳት መምሪያው ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1881 ነው። ኤድዋርድስ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የተረከበው አሠራር ግን የጆርጅ ዋሪንግ ነበር። ዋሪንግ ከ1895 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ኮሚሽነር የነበረ የፍሳሽ መሐንዲስ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነቱም ኮሎኔል ነበር። ከተማውን በዲስትሪክት፣ ዲስትሪክቱን በሴክሽን ከፈለ፤ ለየሴክሽኑ ፎርማን አደረገ፤ ለየጠራጊው የራሱን መንገድ ሰጠ። ጠራጊዎቹን ነጭ አለበሳቸው። ነጭ የለበሰ ሰው ሥራውን ጥሎ መጠጥ ቤት ሲገባ ከሩቅ ይታያል፤ መንገዱ ቢቆሽሽም የማን እንደሆነ ይታወቃል። በ1896 በፊፍዝ አቬኑ በሰልፍ አሳለፋቸው፤ ሕዝቡ ያን ጊዜ ነው ሠራተኛ አድርጎ ማየት የጀመረው።

የመምሪያው ክልል ማንሃታን፣ ብሮንክስና ብሩክሊን ነው። ኩዊንስና ስታተን አይላንድ በየአስተዳዳሪያቸው ሥር ነበሩ፤ ስለዚህ «የኒው ዮርክ ቆሻሻ» የሚል አሃዝ ስታዩ የትኛውን ክፍል እንደሚጨምር መጀመሪያ አረጋግጡ።

መንገድ ጠረጋው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ይረጫል፤ ቀለል አድርጎ። ከዚያ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይጠረጋል። በጠርዙ በየርቀቱ ይከመራል። ክምሩ በአካፋ፣ በሁለት ጎማ በሚገፋ ጋሪ ላይ በተቀመጠ በርሜል ይገባል። በርሜሉ ሲሞላ የፈረስ ጋሪ መጥቶ ይወስዳል። በመጨረሻ፣ በተለይ ሌሊት፣ ከሃይድራንት (የመንገድ ዳር የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ) በጎማ ቱቦ ይታጠባል።

ስህተቱ ከየትኛውም ደረጃ ሊነሳ ይችላል። ውሃው ከበዛ ፋንዲያው ጭቃ ሆኖ በድንጋይ ንጣፉ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ እንደገና አቧራ ነው። ውሃው ካነሰ መጥረጊያው አቧራውን ወደ መስኮት ያነሳዋል። ክምሩ ቶሎ ካልተነሳ የሠረገላ ጎማ ይበትነዋል፤ ጠራጊው ሁለተኛ ይሠራዋል። ሳይጠረግ የታጠበ እንደሆነ ደግሞ ደለሉ የፍሳሽ መግቢያውን ይደፍናል፤ ጥፋቱ የጽዳት መምሪያው፣ ዕዳው የፍሳሹ ክፍል ይሆናል። በብርድ ወራት ማጠብ አይሞከርም፤ የታጠበው አስፋልት በረዶ ሆኖ ፈረስ ይጥላል። ውሃው ራሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የውሃ አቅርቦት፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ መምሪያ የሚባለው። የጽዳት ኮሚሽነሩ በውሃው ላይ ሥልጣን አልነበረውም።

የፋንዲያው መጠን ለማይታመነው፦ አንድ ፈረስ በቀን ከ7 እስከ 14 ኪሎ ይጥላል። በከተማዋ ከመቶ ሺህ በላይ ፈረሶች ነበሩ። በ10 ኪሎ ብታሰሉት በቀን ሺህ ቶን ነው። ከፊሉ በረት ውስጥ ይቀራል፤ የተረፈው መንገድ ላይ ነው።

ቆጣሪ፦

አካፋና ጋሪ ያነሳው ጥሩ ነው፣ ግን በክብደት ካየነው ፋንዲያውም የወጥ ቤት ትርፍራፊውም ዋናው ጭነት አይደለም። ዋናው አመድ ነው። ከ1900 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት በሦስቱ ክፍለ ከተሞች ለአንድ ነዋሪ በዓመት የሚደርሰው በግምት 73 ኪሎ ትርፍራፊ፣ 558 ኪሎ አመድ፣ 44 ኪሎ ደረቅ ቆሻሻ ነበር። ከመቶ ከ80 በላይ አመድ ማለት ነው። ሁሉም ቤት በድንጋይ ከሰል ይሞቃል፤ ያውም በክረምት ይበዛል፣ በበጋ ይቀንሳል። በጋ ላይ ደግሞ ትርፍራፊው ይሸታል። የፈረስና የሰው ድልድል እንደ ወቅቱ ካልተቀያየረ ክረምት ላይ ጋሪ ያጥራል፣ በጋ ላይ ሰው ሥራ ፈቶ ይቆማል።

ዋሪንግ ቤቱ ሁሉ በሦስት ዕቃ ለይቶ እንዲያወጣ ደንብ አወጣ፦ ትርፍራፊው ለብቻ፣ አመዱ ለብቻ፣ ወረቀትና ጨርቁ ለብቻ። የተለየበት ምክንያት የሚሄዱበት ቦታ ስለሚለያይ ነው።

ትርፍራፊው በጠፍጣፋ ጀልባ ተጭኖ ጃማይካ ቤይ ውስጥ ወዳለችው ባረን አይላንድ ይሄዳል። እዚያ በትልልቅ የብረት ጋን ውስጥ በእንፋሎት ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ከዚያ ይጨመቃል። የወጣው ቅባት ለሳሙናና ለሻማ ፋብሪካ ይሸጣል። ጭማቂው ከወጣለት በኋላ የቀረው ደርቆ፣ ተነፍቶ ማዳበሪያ ይሆናል። አመድ ከተቀላቀለበት ቅባቱን ይመጥና ሂሳቡ ይከስራል፤ ጠርሙስና ጣሳ ከገባ መጭመቂያውን ይሰብራል፣ ማዳበሪያውንም ገዢ ያጣል።

አመዱ ወደ ራይከርስ አይላንድ። ደሴቲቱ ስትገዛ ወደ 35 ሄክታር ነበረች፤ በአመድና በቆሻሻ እየተሞላች ከ160 ሄክታር በላይ ሆነች። ትርፍራፊ ከአመዱ ጋር ከተቀላቀለ ሙሌቱ ይሸታል፣ አይጥ ይፈላበታል፣ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል። ሦስቱም በራይከርስ ላይ ደርሰዋል።

ደረቁ ቆሻሻ በመጫኛው ቦታ ይለቀማል። ጀልባው ላይ ጭነቱን የሚያስተካክሉት ሰዎች ጨርቁን፣ አጥንቱን፣ ጠርሙሱን የመውሰድ መብት ነበራቸው፤ ለዚህ መብት ኮንትራክተሩ ለከተማው ይከፍላል እንጂ ከከተማው አይከፈለውም። ከዚያ የተረፈው ይቃጠላል። ከ1905 ጀምሮ ከቆሻሻ ማቃጠያ በወጣ ኤሌክትሪክ የዊልያምስበርግ ድልድይን መብራት ያበሩ ነበር።

ተጠራጣሪው፦

ይሄ ሁሉ መልካም ነው። ግን ኤድዋርድስ የተሾመው በስሙ አይደለም? በዚያ ጊዜ የፕሪንስተን አምበል ማለት ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ ሰው ነው። ደግሞ ጽዳት «የሕዝብ አገልግሎት ድርጅት» ውስጥ ይቆጠራል ወይ? እኔ የማውቀው ጋዝ፣ መብራት፣ ትራም፣ ስልክ ነው።

ሰነድ ፈታሽ፦

ስሙ በር ከፍቶለታል፤ ማን ይክዳል። ኮሚሽነርነት የከንቲባው ሹመት ነው። ከሥሩ ያሉት ጠራጊዎችና ነጂዎች ግን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ የተቀጠሩ ናቸው፤ ኮሚሽነሩ እንደፈለገ አያባርራቸውም። የኃላፊው ሥልጣን የሚለካው በምን ሰዓት፣ በስንት ሰው፣ በየትኛው መንገድ ይሠራ በሚለው ትዕዛዝ ነው። የኤድዋርድስ ከባዱ ፈተና የመጣውም ከዚህ ነው፤ ቀጥሎ ስለ አድማው የሚያውቅ ይጻፍልን።

ቆጣሪ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። አንተ የምትለው በ1907 በገዥው ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ዘመን የወጣው የፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን ሕግ ነው። ሁለት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ አንደኛው ለኒው ዮርክ ከተማ፣ ሁለተኛው ለቀረው ግዛት። ሥራቸው የግል ኩባንያ የሚሸጠውን አገልግሎት ዋጋና ጥራት መቆጣጠር ነው። ኮሚሽን የሚያስፈልገው ተመን ስላለ ነው፦ ቆጣሪ ይነበባል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ኩባንያው ትርፍ ይፈልጋል። የታወቀው ምሳሌ የጋዝ ዋጋው ነው። በ1906 በወጣ ሕግ ሺህ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ከ1 ዶላር ወደ 80 ሳንቲም ወረደ፤ ኩባንያው ከሰሰ፤ በ1909 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 80 ሳንቲሙን አጸናው። የፍርድ ቤቱ መለኪያ ኩባንያው በንብረቱ ላይ ቢያንስ 6 በመቶ ያገኛል ወይ የሚል ነበር።

ጽዳት ግን ተመን የለውም። ወጪው ከግብር ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀው የከተማው የበጀት ቦርድ ነው። ስለዚህ በሕግ አነጋገር ልክ ነህ። በሥራ ጠባዩ ግን ከውሃና ከጋዝ አይለይም፤ አንድ ቀን ቢቋረጥ ሁሉም ቤት ያውቀዋል። ልዩነቱ የጋዝ ኮሚሽነር ስህተቱ በወሩ ደረሰኝ ይታያል፤ የጽዳቱ በማግስቱ በር ላይ ነው።

አካፋና ጋሪ፦

አድማው። ኖቬምበር 1911። ወደ 2,000 የሚጠጉ ጋሪ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ ቆሻሻውን በሌሊት ማንሳት ነው፤ አመዱና ትርፍራፊው ቀን መነሳቱ ቀርቶ ሌሊት ይነሳ ተባለ። ለከተማው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀን መንገዱ በሠረገላ ይጨናነቃል፣ ጋሪው በየበሩ ሲቆም ትራሙ ይቆማል፣ ጣሳው እግረኛ መንገድ ላይ ውሎ ይሸታል። ሌሊት ሁሉም ነፃ ነው።

ለነጂው ግን ሌላ ነው። ጋሪው ላይ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይነዳል፣ ይወርዳል፣ ያነሳል፣ ይገለብጣል። ክብደቱን አስሉት። የከሰል አመድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር 650 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መቶ ሊትር የሚይዝ ጣሳ እስከ አፉ ከሞላ 65 ኪሎ ነው፤ ዝናብ ከነካው ይጨምራል። ይህን ከመሬት ወደ ጋሪው ጠርዝ፣ እስከ ደረት ድረስ፣ ብቻውን ያነሳል። ጋሪው አንድ ኪዩቢክ ሜትር የሚይዝ ነው ብንል ለአንድ ጭነት አሥር ጊዜ ያነሳል ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ መጫኛው ሄዶ ይመለሳል። ቀን ሲሆን ቢያንስ የቤቱ ጠባቂ አንድ እጀታ ይይዝለታል። ሌሊት ማንም የለም። ጨለማ ነው፣ ደረጃው በረዶ ነው፣ ፈረሱ ብቻውን ይቆማል። ነጂዎቹ ከጠየቁት አንዱ ረዳት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጋሪ ሁለት ሰው።

ጌይነር እምቢ አለ፤ የከተማ ሠራተኛ በከተማው ላይ አድማ መምታት አይችልም የሚል አቋም ነበረው። ኤድዋርድስ ምትክ ሠራተኛ ቀጠረ፤ ጋሪዎቹ በፖሊስ ታጅበው ወጡ። ከየጣሪያው ጡብና ድንጋይ ወረደባቸው። አድማው ተሰበረ፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን አጡ።

የኔ ፍርድ፦ የሌሊቱ ሰዓት ብቻውን አልነበረም ችግሩ። ሰዓቱ ሲቀየር የሰው ድልድሉ አብሮ አልተቀየረም። ቀን ለአንድ ሰው የተለካ ሥራ ያለ ረዳት፣ ያለ ብርሃን ወደ ሌሊት ተዛወረ። ቀደም ሲል የመስመር ዳኛ እንደነገረን ኳስ ተሸካሚው እንኳ ከኋላው የሚገፋው ጓደኛ ነበረው፤ ይህን ከሁሉ በላይ ኤድዋርድስ ማወቅ ነበረበት።

የመስመር ዳኛ፦

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ጨከነች፤ ግን አልከራከርም።

ጀማሪ አንባቢ፦

ጌይነርን የተኮሰው ሰውዬ ከጽዳት መምሪያው የተባረረ ነበር አይደል? ለዚህ ነው ኤድዋርድስ አጠገቡ የተገኘው?

ሰነድ ፈታሽ፦

አይደለም፤ ሁለቱ አይገናኙም። ተኳሹ ጄምስ ጋላገር የወደብ መምሪያው ሠራተኛ የነበረና ከዚያ የተሰናበተ ነው። ኤድዋርድስ መርከቧ ላይ የነበረው ከንቲባውን ለመሸኘት ነው። ጌይነር ለዕረፍት ወደ አውሮፓ ሊሄድ ካይዘር ቪልሄልም ዴር ግሮሰ በተባለችው የጀርመን መርከብ ላይ ቆሞ ከሸኚዎቹ ጋር ሲነጋገር ጋላገር ከኋላ ተጠግቶ ተኮሰ። ጥይቱ ከጆሮው ኋላ ገብታ ጉሮሮው ውስጥ ቀረች፤ ሐኪሞቹ አላወጧትም። የኒው ዮርክ ወርልዱ ዊልያም ዋርነኪ ፎቶውን ያነሳው በዚያች ቅጽበት ነው።

ኤድዋርድስ ለመንደርደር ቦታ አልነበረውም። የመርከብ ወለል ነው፣ ሰው ሞልቶበታል። ያደረገው ነገር ከ1899ኙ የመስመር ሥራው ብዙ አይርቅም፦ ከቅርብ፣ በሙሉ ክብደቱ፣ ሰውየው ላይ ወድቆ መሬት ላይ ያዘው። በግብግቡ ከተተኮሱት ጥይቶች አንዷ ክንዱን ላጠችው። በኋላ የካርኔጊ የጀግንነት ሜዳልያ ተሰጠው። ጌይነር ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ድምፁ ግን ሻካራ ሆኖ ቀረ፤ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1913 በሌላ መርከብ ላይ፣ ባልቲክ በምትባለው፣ አረፈ።

ተጠራጣሪው፦

እሺ፣ ስለ ሹመቱ ያልኩትን አልተውም፤ ስለ ሥራው ግን ተቀብያለሁ። አንድ ይቅረኝ፦ ስኖው (በክረምት የሚወርደው ለስላሳ በረዶ)። በዚያ ከተማ ኮሚሽነር የሚወድቀው በስኖው ነው ይባላል።

አካፋና ጋሪ፦

እውነት ነው። መምሪያው ለዘወትር ሥራው በቂ ሰው አለው፤ ስኖው ሲወርድ ግን በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በቀን ክፍያ ሰው ይቀጠራል፣ ማጓጓዙ ለኮንትራክተር ይሰጣል። የተለመደው ክፍያ በጋሪ መጠን፣ በኪዩቢክ ያርድ ነበር፤ አንድ ኪዩቢክ ያርድ ሦስት አራተኛ ኪዩቢክ ሜትር ያህል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የወረደ ስኖው አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ መቶ ኪሎ ገደማ ነው፤ ተረግጦ ሲጠጥር ሦስት አራት መቶ ይደርሳል። በመጠን የሚከፈለው ኮንትራክተር የሚጠቅመው ሳይጠቀጥቅ፣ ለስለስ አድርጎ ጋሪውን ሞልቶ ማሳየት ነው። ወደ ወንዙ ሲደርስ በመንቀጥቀጡ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ከተማው ግን የከፈለው ለሙሉው ነው። ይህን ለመግታት ተቆጣጣሪው ትኬቱን መስጠት ያለበት በመጫኛው ሳይሆን በመድፊያው፣ ወንዙ ዳር ባለው የመርከብ መቆሚያ ጫፍ ላይ ቆሞ ነው። ሌላኛው መንገድ በጋሪ መክፈልን ትቶ በተጸዳው መንገድ ስፋትና በወረደው ስኖው ጥልቀት መክፈል ነው፤ ያኔ ኮንትራክተሩ ጋሪውን እንዴት እንደሞላ ማንም አይገደውም።

ወደ ፍሳሽ ቱቦ መጣልም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ፈረስ አይፈልግም። ቱቦው ሰፊ፣ ፍሰቱ ብዙና ለብ ያለ መሆን አለበት። ጠባብ ቱቦ ላይ ከተጣለ መግቢያው ላይ ይጋገርና ሲቀልጥ ውሃው ወደ ምድር ቤቶች ይገባል። ቅደም ተከተሉም አለ፤ መጀመሪያ የእሳት አደጋ ሃይድራንቶቹ ዙሪያ፣ ከዚያ መሻገሪያዎቹ፣ ከዚያ የፍሳሽ መግቢያዎቹ ይከፈታሉ። መግቢያው ሳይከፈት መንገዱን የጀመረ ፎርማን በሁለተኛው ቀን ኩሬ ያጸዳል።

የመስመር ዳኛ፦

ለሙሉነት ያህል ከጽዳት በኋላ ያለውን ልጨምር። በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን ኤድዋርድስ በኒው ዮርክ የሁለተኛው ዲስትሪክት የፌዴራል ገቢ ሰብሳቢ ሆነ። ከፉትቦልም አልራቀም፤ ዳኝቷል። በ1926 የስፖርት ነጋዴው ሲ. ሲ. ፓይል ከኤንኤፍኤል (ከፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊጉ) ጋር ተጣልቶ የራሱን የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ሲያቋቁም ፕሬዚዳንት ያደረገው እሱን ነው። ዘጠኝ ቡድን ነበረው፣ ኮከቡ ሬድ ግሬንጅ። የከሸፈበት ምክንያት ለመረዳት አይከብድም፦ ቡድኖቹ በዝናብ የሚበላሽ የበልግ ቅዳሜና እሁድ ላይ በቲኬት ገቢ ብቻ የቆሙ ናቸው፤ በአንድ ከተማ ሁለት ሊግ ሲጫወት ተመልካቹ ይከፈላል፤ የጎብኚው ቡድን ድርሻ ግን ገቢው ቢቀንስም መከፈል አለበት። አብዛኞቹ ቡድኖች ወቅቱ ሳይጠናቀቅ ፈረሱ፤ ሊጉም ከአንድ ዓመት አላለፈም። ፓይል ኒው ዮርክ ያንኪስ የተባለውን የግሬንጅ ቡድን ይዞ በ1927 ወደ ኤንኤፍኤል ገባ። ኤድዋርድስ በ1943 አረፈ፤ የኮሌጅ ፉትቦል የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው ከሞተ በኋላ በ1971 ነው።